የአባት ቮልስ በሐረጎ ዳገት

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁ አብዛኞቹ ስለ አሮጌ የቤት መኪና ናቸው። አልገረመኝም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ፣ እዚህ ያለውም ዋጋው ስለማይቀመስ፣ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የከረመው ሁሉ እንደገና ዓይን ገብቷል። የተወሰኑትን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አባታችን ሲያርፉ ቮልስ 1300 ትተውልናል፣ በፈረንጅ የ66 ሞዴል። እኛ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የተመላለስነው በሷ ነው። ወንድሞቼ «ቆርቆሮ ናት፣ እንሽጣት» ይላሉ። እኔ ግን ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ ልመላለስባት አስቤያለሁ። አብደሻል ተባልኩ። ትችላለች ወይ? ምንስ ላድርግላት? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አላበድሽም እህቴ። ቮልስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ ስትጀምር ወንድሞችሽ ገና አልተወለዱም ነበር። ቆርቆሮ ናት ማለታቸውም አዲስ አይደለም፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ከቤተ መንግሥት ያወጣቻቸውም ያቺው ቆርቆሮ ናት።

ግን ቅደም ተከተል አለው። የአባቱ መኪና እጁ ስትገባ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ቀለም ነው። ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ። በመጀመሪያ በትክክል የምትቆም ትሁን፣ ቀጥሎ የማትቃጠል፣ ከዚያ ከልክ በላይ የማትግል። ውበቱ ገንዘብ ሲተርፍ።

ከፍሬን ልጀምር። የ66 ቮልስ ፍሬን አንድ መስመር ነው። አራቱም ጎማ የሚታዘዘው ከአንድ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው) በሚሄድ ዘይት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ ጋ ያለች ጎሚኒ (ዘይቱን የምትይዝ ትንሽ ጎማ) አርጅታ ዘይት ካፈሰሰች የአራቱም ፍሬን አብሮ ይሄዳል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። ባለ ሁለት መስመር የመጣው ካንቺ በኋላ ባሉት ሞዴሎች ላይ ነው፣ እነሱ አንዱ መስመር ቢፈስ በሌላው ይቆማሉ። ደስ የሚለው የኋለኞቹን ማስተር ያንቺ ላይ ማስገጠም ይቻላል፤ ቮልስ የሚያውቅ መካኒክ አይቸገርበትም። እኔ ብሆን የመጀመሪያዋን ብር እዚህ ላይ ነው የማወጣት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ ማለት ነው፣ ያውም ጠዋት በጉም፣ ከፊትሽ የጭነት መኪና እያዘገመ፣ ከኋላሽ ዶልፊን ሚኒባስ ክላክስ እያስጮኸ።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ሲግል ይፈላል፣ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ አይገፋም። ያኔ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ይልሻል። በየሁለት ዓመቱ አሮጌውን አስወጥተሽ ሙሉ በሙሉ አስቀይሪው፤ የጎደለውን እየሞሉ መሄድ መቀየር አይደለም። ሸራው ሲሳሳ ቮልስ በራሷ አታጠብቅም፣ በየጎማው በእጅ መጠበቅ አለበት። «ሁለቴ ስረግጠው ይይዛል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ መኪናውን አትሳፈሪ።

አወራረዱን ደግሞ የድሮ ሾፌሮች ጨርሰውታል፦ በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ የሚንከባለል ሰው ሐረጎ ላይ ዛሬም አያለሁ፤ ያ ሰው የሚቆጥበውን ቤንዚን ለታምቡርና ለሸራ ይከፍላል፣ ከከፋም በሌላ ይከፍላል። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትሽን ጨርሰሽ ቀንሺ፣ መሃሉ ላይ ፍሬን አትርገጪ። የዚያን ዘመን ቮልስ የኋላ እግሯ አሠራር ኩርባ ላይ ድንገተኛ ፍሬን አይወድም።

እሳትን በተመለከተ ሁለት ቦታ እዪ። አንደኛው ሞተሩ ጋ ያለው የቤንዚን ጎማ ነው፣ ከፓምፑ ወደ ካርቡራተር የሚሄደው። በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ዋጋው ከቁርስ የማይበልጥ ዕቃ ነው መኪና የሚያወድመው። ዛሬውኑ አስቀይሪው፣ የሚያጠብቀውንም ፋሻ አትርሺ። ሁለተኛው ባትሪው ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ክዳኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል። ከበድ ያሉ ሰዎች ከኋላ ሲቀመጡ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ወንበሩ ይጨሳል። ክዳን ካጣሽ ወፍራም ጎማ ቆርጠሽ አልብሺው። እግረ መንገድሽን ምንጣፉን ግለጪና ወለሉን በጣትሽ ተጫኚው። የባትሪ አሲድ የሚበላው እሱን ነው፤ ከተበላ በላሜራ ይበየድ፣ በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም እንዳይቀባብሽ።

ሙቀት ላይ እንምጣ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ አያስጨንቅሽም። የሚያቀዘቅዛት ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ማራገቢያ ነው፣ እሱን የሚያዞረው ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ስለዚህ እየነዳሽ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ከበራች «ባትሪ ነው፣ ቤት ስደርስ አየዋለሁ» እንዳትዪ። ምናልባት ቺንጋው ተበጥሷል፣ ያ ከሆነ ሞተሩ ያለ ምንም ማቀዝቀዣ ነው ያለው። ዳር ይዘሽ አጥፊ። ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይኑር።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ሞተሩን የከበቡትን ላሜራዎችና የዳር ጎማዎች ማንም አውልቆ እንዳይጥልብሽ። አንዳንድ መካኒክ «እጄን አላስገባ አሉኝ» ብሎ ይገነጥላቸዋል፣ ሲጨርስም አይመልሳቸውም። እነሱ ባይኖሩ ማራገቢያው የሚስበው ከሥር የሚመጣውን የጋለ አየር ነው። ማታ ወደ ደሴ ስትወጪም ሞተሩን አታስጨንቂ። በሦስተኛ ማርሽ እየተንገጫገጨች ከምትወጣ ወደ ሁለተኛ አውርጂላት። ሞተሩ በቀሰስተኛ ሲዞር ማራገቢያውም ቀሰስተኛ ነው።

ቫልቭ ማስተካከል የቮልስ ዋናው ሕክምና ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ። እኔ የማውቃቸው አንድ የፒያሳ አዛውንት መካኒክ ከሰዓት በኋላ ብትለምኚያቸው አይሠሩልሽም። «ነገ በጠዋት፣ ሳትነሳ» ይላሉ። ጠዋት ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ይገባሉ፣ ክዳኑን በመፍቻ ገፋ አድርገው ያወርዱና ያቺን ስስ መለኪያ በክፍተቱ ውስጥ ሲስቧት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው፤ ትንሽ መያዝ አለባት፣ መጣበቅ የለባትም። የሚደጋግሙት ነገር አለ፦ የምታንኳኳ ቫልቭ አታስፈራም፣ ዝም ያለችውን ፍራ። ክፍተቱ የጠፋባት ቫልቭ በደንብ ስለማትዘጋ ትቃጠላለች። ሦስተኛዋ ሲሊንደር ላይ በተለይ ይጠንቀቁልሽ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላይዋ ሆኖ አየሩን ስለሚወስድባት ከሌሎቹ ትግላለች።

ዘይቱ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ፊልትሮ የለውም፣ ከሥር ያለች ወንፊት ናት ያለችው። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል። አቧራ ካለበት መንገድ ጋር ከሆንሽ 5,000 ሳትጠብቂ ቀይሪ፣ ወንፊቷንም በቤንዚን አሳጥቢ።

ሌላው ደሴ ላይ ደከመች ብለሽ ሞተር እንዳታስወርጂ። በከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበት ያጣል። የቮልስ 1300 ጉልበት 40 ፈረስ ነው፣ ሸዋ በር ላይ ወደ 30 ይወርዳል። ካንዴላው (ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል፣ የካርቡራተሯን የቤንዚን ማሳለፊያ በጠባብ መቀየር ይቻላል። ግን አንቺ ኮምቦልቻም ስለምትውዪ ለኮምቦልቻ ይስተካከልልሽ። ለደሴ ብቻ የተስተካከለው እታች ስትወርጂ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ደሴ ላይ ትንሽ ብትጠጣ ጉዳቱ በኪስሽ ነው።

ዕቃ አይጠፋም። የመጨረሻዋ እንዲህ ዓይነት ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ደሴ ካጣሽ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ የሚሄድ ሰው ፈልጊ። አሮጌውን ዕቃ በእጁ ላኪለት እንጂ በስልክ ፎቶ ብቻ አታስገዢ፣ ቮልስ በየዓመቱ ጥቃቅን ነገር ስትቀይር የኖረች መኪና ናት።

የወንድሞችሽን ነገር አደራ። ሊብሬው አሁንም በአባታችሁ ስም ከሆነ መጀመሪያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ፣ ድርሻቸውን ተስማሙና ስመ ንብረቱን አዛውሪ። ብዙ ገንዘብ ካፈሰስሽባት በኋላ «የሁላችንም ናት» መባባል እንዳይመጣ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ፔጆ 404 አለችኝ፣ ልጆቼን ያሳደግሁባት ናት። ወደ ሐርቡና ከሚሴ ስሄድ ምንም አትል። ወደ ደሴ ስወጣ ግን ሐረጎ አጋማሽ ላይ ትፈላለች። መካኒኩ ራዲያተር ቀይር ብሎኝ ቀየርኩ፣ ያው ናት። ጀሪካን ውሃ ይዤ መሄድ ሰለቸኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጋሼ፣ መኪናዎ ዳገት የማትችል አይደለችም። 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ አሸንፋለች፣ በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 እ.ኤ.አ.። ራዲያተሩ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ርካሹን ይዩ።

መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። ኮምቦልቻ 94 ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እየወጡ በሄዱ ቁጥር የመፍያው ነጥብ ይወርዳል፣ ሞተሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት የበለጠ ይግላል። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ይዞ ነው የመፍያውን ነጥብ ወደ ላይ የሚመልሰው። ሥሩ ያለው ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ሜዳ ላይ ምንም ሳይሉ ዳገት ላይ ይፈላሉ። የርስዎ ታሪክ ልክ ይሄ ነው የሚመስለኝ። ራዲያተር ሲቀይሩ ክዳኑ የድሮው ነበር?

ክዳኑ ደህና ከሆነ ማራገቢያውን ይመልከቱ። የ404 ማራገቢያ ሁልጊዜ አይዞርም። ሞተሩ ሲግል በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያያዝና መዞር ይጀምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። በዘመኑ የረቀቀ ነገር ነበር። ሽቦው ከተበጠሰ፣ የምትነካካዋ ከሰል ካለቀች ወይም ሙቀት የምትለካዋ ቁልፍ ከሞተች ግን ማራገቢያው ባዶውን ይንሳፈፋል። ከሚሴ መንገድ ላይ ነፋሱ ራሱ ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅዎትም፣ ሐረጎ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ሲሆኑ ግን ነፋስ የለም። መኪናዋን አቁመው ሞተሩን እያስነሱ ያግሉት፣ ማራገቢያው ካልተነሳ ችግሩን አገኙት።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ የካንዴላው እሳት ዘግይቶ እንደሆነ ይታይ፣ ይሄም ሞተር ያግላል። ራዲያተሩ ውስጥ ሞተሩ ሲነሳ አረፋ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ጋርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያው፣ ነው የተበላው፣ ያኔ ይከፈታል። እሱም ቢሆን አያስደንግጥዎ፣ የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ለብቻቸው ተሠርተው ሞተሩ ውስጥ የተሰኩ ናቸው፣ ቢበሉ ወልቀው በአዲስ ይተካሉ፣ ዋናው አካል አይጣልም። ብዙ 404 ዛሬም የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሃውን ደግሞ ከቧንቧ አይሙሉ፣ ኖራው ውስጥ ይጋገራል። የክረምት የዝናብ ውሃ በንጹሕ ጀሪካን ማጠራቀም ይሻላል። በፈላበት ሰዓትም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍሱበት፣ ቴስታታ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ኮፋኖውን ከፍተው ዳር ላይ ይቆዩ፣ ክዳኑን በባዶ እጅ አይንኩ።

ጥያቄ፦ ሰላም። አጎቴ ፊያት 124 አለው፣ በ2014ቱ ጦርነት እንዳትወሰድ ጎማዋንና ባትሪዋን አውልቆ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ሸሸጋት። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። አሁን «ባትሪ ገዝተህ አስነሳት» ይለኛል። እንዲሁ ልግፋትና ላስነሳት? (ከሮቢት)

መልስ፦ አትግፋት! ከቆመ ሞተር ጋር ጉልበት አያዋጣም። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ በየሲሊንደሩ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርግ፣ እስከ ነገ ተዋት። በማግሥቱ ሞተሩን በመፍቻ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ከዞረ ደስ ይበልህ። ካልዞረ ዘይት ጨምረህ ጠብቅ፣ አትታገል። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ ያለው ቤንዚን ተበላሽቷል፣ ሽታው ራሱ ቀለም ቀለም ይላል፣ ሙሉ በሙሉ አስወጣ። ሞተሩን ባትሪ ሳይሆን ይሄ ነው የሚያጠፋው፤ ዝገቱና ጭቃው ካርቡራተር ውስጥ ከገባ ሌላ ሥራ ነው። የሞተር ዘይት ቀይር። የፍሬን ጎሚኒዎች ሁሉ ደርቀዋል ብለህ ተነሳ፣ ከሰፈር ሳትወጣ አስቀይራቸው።

ጎማዎቹን ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው ቢሆንም ዕድሜያቸውን እይ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ፣ 2315 ከሆነ በ2015 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ሐረጎ ላይ አይወርድም።

ዕቃ ስትፈልግ «የላዳ ነው፣ ይገጥማል» ይሉሃል። እውነት አለው፣ የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች የወጡት ከ124 ነው። ግን ሞተሩ ሌላ ነው፣ የኋላ ፍሬኑም ሌላ ነው፣ የ124 ዲስክ ሲሆን የላዳ ታምቡር ነው። የሞተርና የኋላ ፍሬን ዕቃ በላዳ ስም አትግዛ።

ጥያቄ፦ ፔጆዬ ላይ የቶዮታ ሞተር ልግጠም? ሁሉም እንደዚያ እያደረገ ነው። (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ ሊብሬህን አውጥተህ አንብብ፣ የሞተር ቁጥር ተጽፎበታል። ሳታሳውቅ ከቀየርክ ለቦሎ ስትቀርብ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ስትሸጥም ገዢው ይሸሻል። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ የሞተሩ ማቀፊያ፣ ራዲያተሩ ሁሉ በብየዳ ይገጣጠማል፣ ነገ ያንን የሠራው ልጅ ከተማ ከለቀቀ ሌላ መካኒክ አይነካውም። ሞተርህ በእርግጥ ካለቀ ልክ ከላይ ለጋሼ እንዳልኩት ሲሊንደሩና ፒስተኑ ይቀየር፣ ክራንኩን ቶርኖ ቤት አሳይ፣ ዋጋውን ጠይቀህ ከቶዮታው ጋር አወዳድር። አንድ ጋራዥ ብቻ እንዳትጠይቅ፣ ኮምቦልቻም ወርደህ ጠይቅ።